በርበሬ አሽጎ ለመሸጥ ንግድ ፈቃድ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦ መርካቶ በርበሬ ተራ ዛላ ገዝቼ፣ አስፈጭቼና አሽጌ ለሱቆች ማከፋፈል አስባለሁ። ንግድ ፈቃድ ብቻ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብ አምራች የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያስገድዳል። ስለዚህ ቤት ከመከራየትዎ በፊት የአዲስ አበባ ከተማ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ ሄደው የሚጠየቀውን ይረዱ፤ ወፍጮና ማሸጊያ ከገቡ በኋላ ቤቱ አይመጥንም መባል ከባድ ኪሳራ ነው። በማሸጊያው ላይ የምርቱ ስም፣ የአምራቹ አድራሻ፣ የተጣራ ክብደት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይስፈሩ።

እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን ዛላው ነው። እርጥበት የያዘ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ፣ ለጉበት ካንሰር የሚዳርግ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ቢታመስም ቢፈጭም መርዙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ክብደቱ እንዲጨምር ውኃ የተረጨበትን ዛላ በርካሽ ቢያገኙት እንኳ አይግዙ፤ የገዙትንም በደንብ አድርቀው ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ያስቀምጡ።