የማይታየው ቁስ አካልና የትምህርተ ክርስቶስ መምህር

እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ በላሊበላ ሰማይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታይታ ነበር። በእኛ በሐይቅና በአምባሰል ግን ቀለበቱ አልሞላም፤ ፀሐይ የማጭድ ቅርጽ ይዛ ቀረች። በዚያ ጠዋት ጨረቃን አስቀድሞ በሰማይ ያየ ሰው አልነበረም። መኖሯ የታወቀው ፀሐይን ስትጋርድ ነው። የማይታይ ነገር በሥራው ሊታወቅ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። በዘመናችን የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን እጅግ ያስጨነቀው ጥያቄም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 ስዊዘርላንዳዊው ፍሪትዝ ዝዊኪ በአንድነት የተሰበሰቡ ጋላክሲዎችን ሲመረምር ፍጥነታቸው ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ አገኘው። የሚይዛቸው የሚታየው አካል ስበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በተበታተኑ ነበር። በ1970ዎቹም አሜሪካዊቷ ቬራ ሩቢን በጋላክሲ ዳር ያሉ ከዋክብት ወደ መካከል እንዳሉት ያህል እንደሚፈጥኑ አሳየች። ስለሆነም ብርሃን የማይሰጥ፣ እንደ ጨረቃም ብርሃንን የማይጋርድ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ አካል አለ ተባለ፤ ስሙም ጽልመታዊ ቁስ አካል ነው። በዛሬው ስሌት ድንጋዩም ውሃውም ከዋክብቱም፣ በአቶም የተሠራው ሁሉ ተደምሮ፣ ከጽንፈ ዓለሙ ይዘት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። ጽልመታዊው ቁስ አካል 27 ያህል ሲሆን፣ የቀረው የጽንፈ ዓለሙን መስፋፋት የሚያፋጥን ኃይል ነው ይባላል።

ከዋክብትን የሚመለከት ሰው ወደ ተራራ ይወጣል። በእንጦጦም 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ይህን ቁስ አካል የሚፈልጉት ግን ከተራራ ሥር ይገባሉ። በኢጣሊያ በግራን ሳሶ ተራራ 1,400 ሜትር ያህል ዓለት ከበላይ የተጫነበት ቤተ ሙከራ አለ፤ የአምባሰልን ተራራ ከሥሩ ፈልፍሎ እንደ መግባት ነው። ከሰማይ ዘወትር የሚዘንቡብን ደቂቅ ቅንጣቶች ሙከራውን እንዳያውኩ ዓለቱ ይከላከላል። በዚያም በብርድ ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ ከ8 ቶን በላይ ዜኖን የተባለ ጋዝ በጋን ተቀምጦ፣ ጽልመታዊው ቅንጣት ሲነካው የምትፈነጥቅ ጥቂት ብርሃን ትጠበቃለች። እስካሁን ተረጋግጦ የተገኘ የለም። በጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የሂግስ ቅንጣት የተገኘበት የ27 ኪሎ ሜትር ክብ መሣሪያም ይህን ቅንጣት አላገኘውም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ወጣት መምህር ለሕፃናት «ሊቃውንት መላእክትን በመሣሪያ ደረሱባቸው» ብሎ ሲያስተምር ሰምቻለሁ። ቅን ልብ ነበረው፤ ትምህርቱ ግን ስሕተት ነው። ጽልመታዊ ቁስ አካል ክብደት ያለው ግዙፍ ፍጥረት እንጂ መንፈስ አይደለም። ደግሞም የስበት ሕግ ራሱ መታረም አለበት እንጂ እንዲህ ያለ ቁስ አካል የለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ነገ እነርሱ ቢረቱ የሕፃኑ እምነት አብሮ ሊወድቅ ነውን?

ጽንፈ ዓለም እንደሚስፋፋ እ.ኤ.አ. በ1927 የጻፈው ቤልጅጋዊው ዦርዥ ለሜትር እንደ እኛው ካህን ነበር። በ1951 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር ይህን ትምህርት ከፍጥረት መጀመሪያ ጋር ሲያቀራርቡት፣ ለሜትር ደስ አላለውም። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የቆመ መሆኑን አጥብቆ ያምን ነበርና።

ይህንኑ ለወጣቱ መምህር ነገርሁት። «እንግዲያ አባ፣ ልጆቹ ምንድን ነው ቢሉኝስ?» አለኝ። «ከተራራ ሥር ገና እየተጠበቀ ነው በላቸው» አልሁት።