አንሶላ ላይ የሚንቀሳቀሰው ነጭ ነገር

ጥያቄ፦ ጠዋት ስነሳ አንሶላዬ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የዱባ ፍሬ የሚያህል ነገር ሲንፏቀቅ አገኛለሁ። ፍራሹን አሰጣሁ፣ ቤቱን መድኃኒት አስረጨሁ፤ አልጠፋም። ከየት ነው የሚመጣው?
አንባቢ፣ ከወላይታ ሶዶ

መልስ፦ ፍራሽዎ ጥፋት የለበትም። አገላለጽዎ የኮሶ ትል ቁራጭን ይመስላል። ትሉ አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ የበሰሉት ክፍሎች እየተቆረጡ በራሳቸው ይወጣሉ። ወስፋት ቢሆን ኖሮ ስንዝር የሚጠጋ ሙልሙል ትል ያዩ ነበር።

መንስኤው ጥሬ ወይም ለብ ለብ የተደረገ የበሬ ሥጋ ነው። ከብቱ በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ሣር ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ እጩም ሥጋው ውስጥ ይቀመጣል። ከተበላ በኋላ ትሉ እስኪበስል ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚፈጅ የትናንቱን ሥጋ ቤት አይውቀሱ። ወላይታ ላይ ቁርጥ ይተዉ ማለት እንደማይቀል አውቃለሁ፤ ዳጣውም ሆነ አረቄው ግን እጩን አይገድሉትም። አስተማማኙ በደንብ የበሰለ ሥጋ ነው።

ቁራጩን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የሰገራ ምርመራ አንዳንዴ እንቁላሉን ይስታል። ባለሙያው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ ያዝዝልዎታል። በትምህርት ቤት ለልጆች የሚታደለው የትል ኪኒን ለዚህ አስተማማኝ አይደለም። ባህላዊውን የኮሶ መድኃኒትም አይጠጡ፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚጥል ሕመም አልያም ጽኑ ራስ ምታት ካለብዎ የሚታዘዝልዎትን መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ከታከሙ በኋላ ቁራጭ ዳግም ካዩ ተመልሰው ይታዩ።