ሰብር ማለት ዝም ማለት አይደለም



በ2015 ክረምት ዝናብ ሲቀር በዋግ ኽምራ፣ በተለይ በዝቋላ፣ በሰሀላና በአበርገሌ የብዙ ገበሬ ከብት አልቋል። በሬው የሞተበት ሰው «አእምሮዬ ታወከ» አይልም፤ «ሐሳብ በዛብኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ራሴን ያመኛል» ነው የሚለው። እኛ ደግሞ ቶሎ ብለን «ሰብር አድርግ» እንለውና እንሄዳለን። (እኔም ብያለሁ፤ አላህ ይማረኝ።)

ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አዝነዋል። ሰብር ስንል ግን ምሳሌ የምናደርገው እሳቸውን ነው።

እና ቤቱ ሂዱ፤ በረካው እስኪደርስ ተቀመጡ። አፉን የፈታው በኽምጣኛ ከሆነ በኽምጣኛ ያውራ። እንቅልፍና ምግብ ካጣ ሳምንታት ካለፉት፣ ወይም እርሻውን ከተወ፣ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ንገሩ። ጤና ጣቢያም፣ ሪፈር ከተጻፈለት ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም አብራችሁት ሂዱ፤ ብቻውን የተላከ ሰው ከመንገድ ይመለሳል። ዱዓና ሩቅያ ከሕክምና ጋር አይጣሉም።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን፣ በቀልድም ቢሆን፣ ያን ሌሊት ብቻውን አይደር። የተባይ መድኃኒቱንም ከቤት አርቁ።

ጁምዓ ሙባረክ።