ውሉ ከ18 በፊት ከተፈረመ

ጥያቄ፦ የአረቅጥ ልጅ ነኝ። በ16 ዓመቴ ከአንድ አሳታሚ ጋር ብቻዬን ተፈራረምኩ። ስድስት ዘፈን ከተቀረጽኩ ሦስት ዓመቴ፤ እሱ አያወጣው፣ ሌላ ጋ እንዳልሠራም ከለከለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺን ያህል አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ጆጆም ተቃጥላለች። በ12 ዓመቷ ፈርማ፣ በ13 ዓመቷ ዝነኛ ሆና፣ ከሁለተኛ አልበሟ (2006 እ.ኤ.አ.) በኋላ አሳታሚዋ ዓመታት አሰራት። በ2013 ከሰሰች፤ መከራከሪያዋም ውሉ በልጅነቷ መፈረሙ ነበር። ነፃ ወጥታ በ2018 የድሮ አልበሞቿን እንደ አዲስ ዘፈነቻቸው።

እኛም ጋ መንገድ አለ። የቤተሰብ ሕጉ (213/1992) 18 ዓመት ያልሞላውን አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ ወላጅ ወይም ሞግዚት ሳይኖር የፈረምሽው ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚሰጥሽ 2 ዓመት ብቻ ነው፤ የሚቆጠረውም 18 ከሞላሽበት ቀን ነው። ብዙ ልጆች «ይታረቀኛል» ሲሉ የሚያልፋቸው ይኸው ነው።

ዘፈኖቹን ዳግም ልቅረጽ ካልሽ ደግሞ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን በጽሑፍ አስፈቅጂ፤ አዋጅ 410/1996 የእነሱንም መብት ይጠብቃል።

አሁን 19 ነሽ። ውሉን ይዘሽ ወልቂጤ ውረጂ፣ ጠበቃ አማክሪ፤ 20 ሳይሞላሽ።