ስለ ጉሎና ስለ አስተናግር፤ በግቢ ውስጥ ለውሻ የሚያሰጉ ተክሎች

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ባለይዞታ አጥሩን በአበባ ማስጌጥ ይወዳል፤ ያንኑ አጥር የሚጠብቅለት ደግሞ ውሻው ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ከተጠቃለሉ በኋላም ግቢና ማሳ ጎን ለጎን የሚገኙባቸው ሰፈሮች አሉዋቸው። ስለዚህ የትኛው ተክል ደኅና፣ የትኛውስ ገዳይ እንደ ሆነ ሹሙም ባለቤቱም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ጽጌ ረዳ ራሷ መርዝ የላትም፤ የምትጎዳው በእሾኋ ብቻ ነው፤ ፀረ ተባይ ከተረጨባት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ጽዋ የተጠቀለለው ነጩ ካላ አበባም የውሻን አፍና ጉሮሮ አቃጥሎ ለሃጭ ያዝረበርባል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድልም።

የሚያስፈራው ጉሎ ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱም ቀላ ያለ ስለ ሆነ ለጌጥ ይተከላል፤ ፍሬውንም የቤት እመቤት ወቅጣ ለምጣድ ማሰሻ ታደርገዋለች። በፍሬው ውስጥ ሪሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለ። ውሻው ፍሬውን ሳያኝክ ቢውጠው ልጣጩ ጠንካራ ነውና እንዳለ ሊወጣ ይችላል፤ ያኘከው እንደ ሆነ ግን ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለት ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውካል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ይይዘዋል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። መርዙ በዘይት ስለማይሟሟ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፤ በሙቀት ካልተሰበረም ይገድላል። ፋጉሎውን ለአትክልት ማዳበሪያ የሚያደርግ ሰው ይህን አይዘንጋ፤ ውሻ ሽታውን ወድዶ አፈሩን ይቆፍራልና።

ሁለተኛው አስተናግር ነው፤ ዕፀ ፋሪስም ይባላል። ሳይተክሉት በጉድፍ ላይና በአጥር ሥር ይበቅላል። የበላውን ሰው ያለ ልቡ ስለሚያስለፈልፈው ስሙን ከሥራው አገኘ። በአበባው ወደ ታች የሚንጠለጠለውና በየግቢው ለጌጥ የሚተከለው ባለ መለከት ዛፍም የዚሁ ወገን ነው። ውሻ ቢበላው የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ አፉ ይደርቃል፤ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ እየተንገዳገደም በባዶ ነገር ላይ ይጮኻል። በብዙ የፀረ ተባይ መድኃኒት የተመረዘ ውሻ ግን ለሃጩ ይፈሳል፤ ብሌኑም ይጠባል። የሚያስደንቀውም ለዚህኛው የሚሰጠው አትሮፒን የተባለው መድኃኒት በአስተናግር ውስጥ ያለው ያው ነገር መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ መጠኑን ሐኪም ብቻ ያውቃልና ቅጠሉን ቀንጥሶ ማብላት ሞኝነት ነው።

ለሹም ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሚንገዳገድ ውሻ ሲታይ ሰፈሩ «አበደ» ብሎ ዱላ ያነሣል። ምናልባት አስተናግር በልቶ ይሆናል፤ ምናልባትም በእውነት የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ይሆናል፤ በዓይን ብቻ መለየት ስለማይቻል እንደ እብድ ቈጥሮ አለመንካት ይገባል። ሰው ነክሶ እንደ ሆነ ግን ውሻውን ወዲያው ገድሎ መቅበር ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ማሰር ወይም መዝጋት ከተቻለ 10 ቀን ይጠበቅ፤ ከሞተም ራሱ ለምርመራ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላክ። የተነከሰው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና ታጥቦ ውጤቱን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መርዝ በላ ተብሎ የተጠረጠረውንና ማንንም ያልነከሰውን ውሻ ባለቤቱ በግድ አያስታውከው፤ የታኘከውን ፍሬ ወይም ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ ከውሻው ጋር ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰድ።