የትንሽ አይሮፕላን ጎማ በደጋ አገር

እኛ የመርጡለ ማርያም ልጆች የጎማን ነገር የምናውቀው ከጭነት መኪና ነው። የመኪናው ጎማ ጥርስ የተሠራለት ጭቃውን ቆንጥጦ እንዲገፋ ነው። የአይሮፕላን ጎማ ግን ዙሪያውን የሚሄድ ቦይ እንጂ ጥርስ የለውም፤ አይሮፕላኑን የሚስበው ፕሮፔለሩ ስለ ሆነ ጎማው መግፋት አይጠበቅበትም። ቦዩም ውሃ ለማሳለፍ ነው።

ጎማ ሲመረጥ አስቀድሞ በጎኑ ያለው ቁጥር ይነበባል። ለአብራሪነት ትምህርት የሚያገለግለው ሴስና 172 በዋናዎቹ እግሮቹ ላይ 6.00-6 የተባለውን ጎማ ያደርጋል፤ ፊተኛው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ኋለኛው የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ነገር ግን ቁጥሩ አንድ ሆኖ ጥንካሬው ይለያያል። 172ኤን የተባለው ባለ 4 ፕላይ ጎማ በ29 ፓውንድ ንፋስ፣ 172ኤስ ደግሞ ባለ 6 ፕላይ በ42 ፓውንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ዳኛው የአይሮፕላኑ መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ደጋው ነገር እንሂድ፤ ለእኛ አገር ዋናው ይህ ነውና። ቦሌ ከባሕር ወለል ወደ 2,330 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩም ስስ ነው። አብራሪው በመለኪያው ላይ 60 ኖት እያየ ሲያርፍ፣ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 67 ኖት ይደርሳል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ጉልበት ሩብ ያህል ይጨምራል። ያለቀ ጎማ ቆላ ላይ ቢታገሥ ደጋ ላይ አይታገሥም።

ንፋሱም እንዲሁ ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጅቡቲ ላይ 29 ፓውንድ የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ ቦሌ ቢደርስ ወደ 32.6 ያሳያል፤ ሙቀቱ ከ35 ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ ግን 30.5 ገደማ ይሆናል። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ደግሞ ተቃራኒው ያገኘዋል። ስለዚህ ጎማው በቀዘቀዘ ጊዜ፣ በሚነሣበት ስፍራ መለካት አለበት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በሲ-47 ሥራ ከጀመረ በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ ማረፊያዎች ሣርና አፈር ነበሩ። እንደ መረሬ ባለ መሬት ላይ ሰፊ ጎማ ክብደቱን ስለሚያካፍል አይሰምጥም። ሠሪው ሳይፈቅድ ንፋስ መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የካላማዳሪውን ቫልቭ ይቆርጣል።

ስለ አገጣጠሙ፣ ቸርኬው በብሎን የተያያዘ ሁለት ክፍል ነው። ንፋሱ ፈጽሞ ሳይወጣ ብሎኑን የፈታ ሰው፣ ቸርኬው ተፈናጥሮ ሊገድለው ይችላል። ካላማዳሪው ታልክ ተነስንሶበት ይገባል፤ በጎማው ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ቀላሉን ወገን ስለሚያሳይ፣ በካላማዳሪው ላይ ከባዱን ወገን ከሚያሳየው ምልክት ጋር፣ ምልክት ከሌለው ከቫልቩ ጋር ይገጥማል። ብሎኖቹም በመስቀለኛ፣ በልክ ማጥበቂያ ቁልፍ ይጠብቃሉ። ከዚያ ተነፍቶ፣ ተንፍሶ፣ እንደገና ይነፋል፤ ይኸውም የካላማዳሪው እጥፋት እንዲዘረጋ ነው። አዲስ ጎማ ስለሚለጠጥ ንፋሱ ከ24 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል።