ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ምስጢር መጠበቅ፦ የምክር አገልግሎት ሥነ ምግባር በምዕራብ ጎጃም

መግቢያ

የምክር አገልግሎት ሥነ ምግባር ባለሙያው ከተገልጋዩ ጋር ሌላ ግንኙነት እንዳይኖረው ይመክራል። ይህን ምክር በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሙሉ በሙሉ መፈጸም አዳጋች ነው። ባለሙያው ከተገልጋዩ ቤተሰብ ጋር በዕድር፣ በማኅበር ወይም በአበልጅነት ሊተሳሰር ይችላል። በገበያ ቀን ከገጠር መጥቶ ወደ ምክር ክፍል የሚገባ ሰውም ከጎረቤቶቹ ዓይን አይሰወርም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በእንዲህ ዓይነት አካባቢ ምስጢር የሚጠበቀው ወሰኑ አስቀድሞ በግልጽ ሲነገር ነው የሚል ነው።

የሕግና የሙያ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ የሃይማኖት አገልጋዮችን፣ ጠበቆችንና ሐኪሞችን ጨምሮ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚገልጡትን ይቀጣል። ተደራራቢ ግንኙነትን በተመለከተ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ደንብ እንኳ በጅምላ አይከለክልም፤ የሚከለክለው የባለሙያውን ሚዛን የሚያዛባውን ወይም ተገልጋዩን የሚጎዳውን ነው።

የነፍስ አባትና የምክር ባለሙያ

ምስጢር መጠበቅ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ ምእመኑ ለነፍስ አባቱ የተናዘዘው እንደማይወጣ ያምናል። ባለሙያው «እንደ ነፍስ አባትህ ቁጠረኝ» ቢል ግን ሊፈጽመው የማይችለውን ቃል ይገባል። ባለሙያው መዝገብ ይይዛል፤ ሕይወት ለአደጋ ሲጋለጥም የመናገር ግዴታ ሊወድቅበት ይችላል።

ምናባዊ ምሳሌ

በቡሬ አንድ ትምህርት ቤት የምትሠራ የምክር ባለሙያ ትታሰብ። የ15 ዓመት ተማሪ ወላጆቿ ሊድሯት እንደሆነ፣ ከተገደደች ራሷን እንደምታጠፋ ትነግራትና «ለማንም እንዳይነግሩብኝ» ብላ ትማጸናለች። የልጅቷ እናት ደግሞ የባለሙያዋ የማኅበር ጓደኛ ናት።

ዝምታ እዚህ ላይ ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል። ለጋብቻ የተወሰነው ዕድሜ 18 ዓመት ሲሆን፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ይሁን እንጂ ጉዳዩን በማኅበሩ ዕለት ለእናቲቱ በጆሮዋ ሹክ ማለት፣ በቅን ልቦና ቢደረግም፣ ምስጢር ማውጣት ነው፤ ሠርጉንም ሊያፋጥነው ይችላል። ተገቢው አካሄድ ልጅቷን ብቻዋን አለመተው፣ ምን ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ ለእርሷ መግለጽ፣ የምታምነውን አዋቂ ከእርሷ ጋር መምረጥ፣ ከዚያም አደጋውን ማስቆም ለሚችለው የጤናና የሕፃናት ጉዳይ አካል የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማሳወቅ ነው። ባለሙያዋ የሥራ ባልደረባ ማማከር ብትፈልግ ስም መሸሸግ አይበቃትም። በትንሽ ከተማ ክፍልና ሰፈር ከተጠቀሱ ልጅቷ ትታወቃለች፤ ስለዚህ አማካሪው ከከተማው ውጭ ያለ ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል።

የሰላምታ ጉዳይ

በሌሎች አገሮች የተለመደው ምክር ተገልጋዩ ካልቀደመ ባለሙያው በመንገድ ሰላም እንዳይለው ነው። በጎጃም የሚያውቁትን ሰው ዘግቶ ማለፍ ግን የቅያሜ ምልክት ነው፤ ሊሸሸግ የታሰበውን ግንኙነት መልሶ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ከክፍሉ ውጭ እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ በመጀመሪያው ቀን መስማማት ይገባል።

ማጠቃለያ

ባለሙያው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሚከተለው ዓይነት ቀላል አማርኛ ቢከፍት ይጠቅማል፦ «የምትነግሪኝ በእኔ ዘንድ ይቀራል። ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት ለአደጋ ከተጋለጠ ግን ሊረዳን ለሚችል ሰው እናገራለሁ፤ ከመናገሬ በፊትም ለአንቺ አሳውቅሻለሁ። ከቤተሰብሽ ጋር የምንገናኝበት ማኅበር አለ፤ ይህ ቢከብድሽ ወደ ሌላ ባለሙያ እመራሻለሁ።» ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ወሰኑ መነገር ያለበት ምስጢሩ ከመነገሩ በፊት ነው።